ሐረጎን ያልወጣ መልስ

ከኮምቦልቻ ደሴ ያመጣኝ ትዳር ነው። በመጀመሪያው ወር ያሳፈረኝ ደግሞ ንፍሮ። አማቴ ጎረቤት ቡና ጠርተው «ንፍሮውን አንቺ ጣጂ» አሉኝ። እኔም እናቴ ቤት እንደማደርገው ባቄላና ስንዴውን ከማታ ዘፍዝፌ አድሬ ጠዋት ጣድኩ። እናቴ ቤት በረካው ሳይቀዳ ይደርሳል። እዚህ በረካው ተጠጥቶ፣ ጎረቤት መርቆ ወጥቶ፣ ባቄላው ገና ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። አማቴ ከሰሉን ወቀሱ። ባሌ ባቄላውን። እኔ ዝም አልኩ፣ አዲስ ሙሽራ ምን ትላለች?

በሳምንቱ ከእናቴ ጓዳ ባቄላ አስመጣሁ። ያው ነው። ከሰል ቀየርን። ያው ነው። ግማሽ ሰዓት ምናምን ይዘገያል፣ በቃ።

ያኔ ነው ስልኬን አውጥቼ ጎግል ላይ «ባቄላ ለምን አይበስልም» ብዬ የጻፍኩት። የመጣልኝ ምን መሰላችሁ? የፉል አሠራር፣ የሽሮ አሠራር፣ አንዲት ሴትዮ ስለ ባቄላ ጥቅም ለሃያ ደቂቃ የምታወራበት ቪዲዮ። ዳታዬን በላው እንጂ ምንም አልጠቀመኝም። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የኔ ነበር። ጎረቤት እንደምጠይቅ ነበር የጠየቅኩት። ጎረቤት ደሴ እንደምኖር፣ ከየት እንደመጣሁ፣ በምን እንደማበስል ያውቃል፤ ግማሹን ሳልናገረው ይገባዋል። ጎግል ግን የጻፍኩለትን ሦስት ቃል ነው የያዘው።

እና ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምንድን ነው የተለወጠው? ባቄላው ያው፣ ድስቱ ያው፣ እጄም ያው። የተለወጠው ቦታው ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን ወጥቻለሁ። «ከፍታ ቦታ» የሚል ቃል ጨመርኩበት። በአማርኛ ብዙ አልመጣም፤ በስልኬ መተርጎሚያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሬ ስለጥፈው ግን መልሱ ጎረፈ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ የመጣውንም መልሼ በመተርጎሚያው ነው ያነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ሳይሞቅ ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር። ስታሰሉት የኮምቦልቻ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የደሴው 92 አካባቢ። ሁለት ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ። ለሻይ ምንም አይደለችም። ለደረቅ ባቄላ ግን እያንዳንዷ ዲግሪ ጊዜ ትጨምራለች። የገረመኝ ደግሞ እሳት መጨመር እንደማይጠቅም ማወቄ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታነዱበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ያን ሁሉ ከሰል በከንቱ ነው የፈጀነው። ለካ ፕሬዠር የሚባለው ድስት የተሠራው ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርግና ውሃው ከ100 በላይ እንዲሞቅ ያደርጋል።

ይህን ለአማቴ ሳስረዳ «ታዲያ ስንዴው እንዴት ነው በየቤቱ የሚበስለው?» አሉኝ። ፕሬዠር ገዛሁ። ፉጨቱን ሲሰሙ ከጓዳ ወጥተው በረንዳ ላይ ቆሙ። «ይሄ ነገር አንድ ቀን ጣራችንን ይዞት ይሄዳል» ብለው እስካሁን አልቀረቡትም።

የጻፍኩት ግን ስለ ባቄላ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጎግልን ስጠይቅ አንድ ነገር አልረሳም፦ አብዛኛው መልስ የተጻፈው ሌላ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። ውሃው በ100 ለሚፈላለት፣ ዓመቱ በጃንዋሪ ለሚጀምርለት፣ ቀኑ በእኩለ ሌሊት ለሚቀየርለት ሰው። መልሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ሐረጎን ግን አልወጣም። የማውጣቱ ሥራ የእናንተ ነው።

ሙጋድ ሰፈር በኩል ኬክ ጋግራ የምትሸጥ ልጅ አለች። ከዩቲዩብ ያየችውን አንድ በአንድ ትከተላለች፣ ኬኩ ምድጃ ውስጥ ኩፍ ይልና ሲወጣ መሐሉ ይሰምጣል። «ዕንቁላሉ ነው» ትለኛለች። «ከፍታ» የሚለውን ቃል ጨምሪ አልኳት። ቤኪንግ ፓውደር ቀንሺ፣ ፈሳሹን ትንሽ ጨምሪ፣ ምድጃውንም በጥቂት ዲግሪ ከፍ አድርጊ የሚል መጣላት፤ አየሩ ሲሳሳ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋና ሳይጸና ይወድቃል። አሁን መሐሉ አይሰምጥባትም። ለእኔ ግን እስካሁን አንድ ቁራጭ በነጻ አልሰጠችኝም፣ ይህን ታነብ እንደሆነ።

ወደ ሥራዬ ልምጣ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ክረምት ሲገባ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት መንከስ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ወረቀት አንድ ላይ ይስባል፣ ያጨማድዳል፣ ቀጥ ይላል። አንድ ጠጋኝ ጠራሁ፤ ከፈተ፣ ጠራረገ፣ «ጎማው አልቋል» አለኝ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ያው ነው። ተመልሶ መጣ፣ ድጋሚ ተቀበለኝ። በሦስተኛው ጊዜ አልጠራሁትም።

እዚህ ላይ «ኮፒ ማሽን ወረቀት ይነክሳል» ብዬ ብቻ ብጠይቅ እንደ ባቄላው ይሆንብኝ ነበር። ያደረግኩት ሌላ ነው። ማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር እንዳለ ጻፍኩ፣ ስክሪኑ ላይ የምትመጣውን የስህተት ኮድ ደግሞ በእንግሊዝኛው ድርብ ጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባሁ። በጥቅስ ውስጥ ያለ ነገር እንዳለ፣ በዚያው ቅደም ተከተል የሚገኝበትን ገጽ ነው የሚያመጣው። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ወጣ። ኮዷ ወረቀት ተጨናነቀ ከማለት ያለፈ ነገር የላትም፤ ምክንያት ብሎ ከዘረዘረው ውስጥ ግን አንዱ ላይ ዓይኔ ቆመ፦ እርጥበት የሳበ ወረቀት።

የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ይሰነብታል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ለመሸጥ እንዲመቸኝ ከማሸጊያው አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ነበር የምከምረው። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ይጠቀለላል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሽጉን የምከፍተው ለዕለቱ ሥራ ብቻ ነው፣ የተረፈውን ማታ በላስቲክ አስሬ አሳድራለሁ፣ ትሪው ውስጥም አላሳድርም። ከመጫኔ በፊት እንደ ካርታ አራግፈዋለሁ። ጎማው እስከ ዛሬ አልተቀየረም!

ስለዚህ ዕቃ ሲበላሽባችሁ ስሙን ሳይሆን ሞዴሉን ጻፉ። የዋይፋይ ሳጥን ይሁን፣ ቴሌቪዥን፣ ምጣድ። ስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ በራሳችሁ አባባል አትቀይሩት፣ ቃል በቃል ነው። የማትፈልጉት ነገር ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ ከቃሉ ፊት ያለ ክፍተት የመቀነስ ምልክት አስቀምጡ፣ ያንን ቃል የያዙ ገጾች ይቀራሉ። እኔ ስለ ጥገና ስጠይቅ የሚሸጥ ማሽን ብቻ ሲመጣብኝ «ዋጋ» የሚለውን እንዲህ አስወጣዋለሁ።

በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን ሀብታም ነው፤ ሀብቱ ግን መፈለጊያው ላይ ዕዳ ይሆናል። ሐረጎን አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፣ አንዱ በሃሌታው ሀ። ሥራና ስራ፣ ፀጉርና ጸጉር፣ ዓመትና አመት። እኛ ስናነበው አንድ ነው፣ ማሽኑ ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያየውም። አንዱ ካልመጣላችሁ በሌላው ሞክሩት። ከፊት የሚቀጠሉትንም አውልቁ፦ «በደሴ»፣ «ከደሴ»፣ «የደሴ» ከማለት «ደሴ» ብቻ በሉ። ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሱቄ መጥተው «ምንም የለም» ይሉኛል፤ «ሥራ»ን በ«ስራ» ቀይረን ስንጽፈው ሌላ ገጽ ሙሉ ማስታወቂያ ይወጣል። ከወጣው ግማሹ ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ቀኑን ማየት የሚባለውን ነገር እኔም በደንብ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ዱባይ ያለች እህቱ ዶላር ልትልክለት የነበረ አንድ ደንበኛዬ ምንዛሪ አየሁ ብሎ በ50ዎቹ ብር አስልቶ መጣ። ያየው ገጽ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተጻፈ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የድሮው ቁጥር ለታሪክ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። ጎግል ላይ መልሱን በጊዜ ማጥበብ ይቻላል፤ ከመፈለጊያው ሥር ካሉት ምርጫዎች ውስጥ «ቱልስ» የሚለውን ስትነኩ ያለፈው ሳምንት፣ ያለፈው ወር እያለ ያስመርጣችኋል። የተጻፈበት ዓመት ግን የማን ዓመት እንደሆነ ልብ በሉ። 2016 ሲል የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ነው ያለው።

ስለ ቀን ካነሳሁ አይቀር፣ በጣም የተጨነቅኩበትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ለልጇ ፎርም በኢንተርኔት አስሞላችኝ። መስከረም 2 ቀን 2000 ነው የተወለደው። እኔ መስከረም ላይ አሥር እየደመርኩ መጻፍ ለምዶብኛል፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ብዬ ሞላሁ። ስትመለስ ተበሳጭታለች፤ ሌላ ወረቀቱ ላይ 13 ነው የሚለው፣ አንድ ቀን አይገጥምም ተብላ ተመለሰች። ማታ ቤቴ ገብቼ «የቀን መቀየሪያ» ብዬ ሁለት ሦስት ቦታ አስገባሁት። ሁሉም 13 አሉ። ለምን? የ1999 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች፣ ዘመነ ሉቃስ። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ቀጣዩ መስከረም 1፣ ማለት የዘመነ ዮሐንሱ፣ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ይውላል። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪጨምሩ ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እኔ ከአባቴ ልማር ስችል ከጎግል ተማርኩት። ለሴትየዋ አስተካክዬ በነጻ ሞላሁላት። ፎርም የምትሞሉ ሰዎች እባካችሁ አሥር ደምራችሁ አትለፉ፣ አንድ መቀየሪያም አትመኑ፣ ሁለት እዩ።

ሰዓት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ኳስ የሚያዩት የሰፈራችን ልጆች ከኔ በላይ ያውቁታል። የእንግሊዝ ጽሑፍ ላይ ጨዋታው 3 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ይጀምራል ሲል የእንግሊዝ ሰዓት ነው። በክረምታቸው እኛ ጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ግን ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉት 11 ሰዓት ነው። ባሌ በዚህች አንድ ሰዓት የተነሳ የመጀመሪያውን አጋማሽ አምልጦት አኩርፎ አድሯል።

አሁን ወደማያስቀው። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት የባሌ እህት ከኮምቦልቻ ደወለች። ልጇ በትኩሳት ነዷል፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ቤቷ አለ፣ ማንኪያው ላይ ግን ስንት እንደምትቀዳ ማዘዣው ጠፍቷል። «አንቺ ጎግል ታውቂያለሽ፣ እይልኝ» አለችኝ። በዕድሜው ጠየቅኩ። ከላይ በኩል ማሽኑ ራሱ ጨምቆ የሚሰጠው መልስ አለ አይደል፣ ሳያቅማማ ይህን ያህል ሚሊ ሊትር አለኝ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ባቄላው ትዝ አለኝ፣ ወላሂ። ይህ መልስ የማን ጠርሙስ ነው? «ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አልኳት። የሷ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ነው ይላል። ያገኘሁት ገጽ የሚያወራው በ5 ሚሊ ሊትር 120 ስላለው ሽሮፕ ነው። ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። በኔ ቃል ብትሰጠው ልጁ ከሚገባው እጥፍ ይጠጣ ነበር።

ምንም ቁጥር አልነገርኳትም። እርጥብ ጨርቅ እንኳ አላልኳትም፣ ምክንያቱም ያኔ የራሴን ድምፅ ፈራሁት። ሌሊት የሚሠራ ክሊኒክ ይዛው ሄደች፣ እነሱ መዝነው በኪሎው ሰጡት። አብሽሪ፣ ደህና ነው ብላ ስትደውል ሊነጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ጉዳይ ጎግልን የምጠይቀው ባለሙያውን ምን ልጠይቀው የሚለውን ብቻ ነው። መጠን አልጠይቀውም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከላይ ጨምቆ የሚሰጠው መልስ ጠርሙሳችሁን አላየም።

የባንክ ስልክ ቁጥርንም አልፈልግበትም። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ፣ አያ እያልን የምንጠራቸው፣ ሂሳባቸው ተቆለፈና የልጅ ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን «የደንበኞች አገልግሎት» ደወለላቸው። በጣም ጨዋ ሰው አነሳ። አያን «አንቱ» እያለ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው። ደግነቱ፣ ከሱቄ በር ላይ ቆመው ጮክ ብለው ሊነግሩት ሲሉ ስልኩን ከጆሯቸው ነጠቅኩ። ተቆጡኝ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ አሉ። ማንም ሰው የፈለገውን ቁጥር የባንክ ነው ብሎ ሊለጥፍ ይችላል፤ ከላይ የሚመጣውም «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ተከፍሎበት ነው እንጂ ትክክል ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩን ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ወይም ከቅርንጫፉ ውሰዱ። አያ በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄደው ተነገራቸውና ተመልሰው መጡ፤ ይቅርታ አላሉኝም፣ ግን ሁለት ኪሎ ብርቱካን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ጭራሽ የማልጠይቀውም ነገር አለ። ሐረጎ ላይ ዛሬ ጉም አለ ወይ? ይህን የሚያውቀው ከኮምቦልቻ አሁን የገባው የሚኒባስ ረዳት ነው። ሰኞ ገበያ ጤፍ ስንት ገባ? ከገበያ የምትመለሰውን ሴት መጠየቅ ነው። ማን ጥሩ ልብስ ሰፊ ነው፣ የትኛው ወፍጮ ቤት አያጭበረብርም፣ እነዚህ የተጻፉ ነገሮች አይደሉም። እኔ አንዳንዴ ለልማድ ስልኬን አወጣና ባሌ «ኧረ አንቺ፣ ጎረቤት አለ!» ይለኛል።

አማቴ አሁን አልፎ አልፎ «እስቲ ያንን ጠይቂልኝ» ማለት ጀምረዋል። የበርበሬ ነቀዝን ጠይቀውኛል፣ የጉልበት ሕመምን ጠይቀውኛል (ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው)። የንፍሮውን ነገር ግን በራሳቸው ፈትተውታል። እናቴን ልጠይቅ ኮምቦልቻ ስወርድ አንድ ጣሳ ባቄላና ስንዴ በፌስታል ቋጥረው ይሰጡኛል። «እዚያ ውሃው ይሞቃል ብለሽ የለ? እዚያው ቀቅለሽልኝ ነይ።» ባለፈው ቅዳሜም ሚኒባስ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ ትኩስ ንፍሮ ታቅፌ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ሽታው እየዞረ፣ ሐረጎን ወጣሁ። ደሴ ስደርስ ግማሹ አልነበረም። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ነው የዘገነው።